አክስቴ ውሃ አልጠጣም ያለች ጊዜ

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዋና አልችልም። የሸራ ጀልባ በቅርብ ያየሁት ሮም አጠገብ፣ ፊዩሚቺኖ ወደብ ላይ ነው፣ ያውም ታስራ ቆማ። ያሳደገችኝ አክስቴ ግን ሮም ውስጥ ሚስታቸው የሞቱባቸውን አንድ ሽማግሌ ስትጦር ብዙ ዓመት ኖራለች። ሲኞሬ ነው የምንላቸው። ልባቸው በመድኃኒት የምትሠራ ሰው ሆነው ሳለ፣ ሳልሞት በጀልባዬ ውቅያኖስ መሃል ያሉትን የፖርቱጋል ደሴቶች ልያቸው ብለው ተነሡ። አክስቴም "መድኃኒታቸውን ማን ይሰጣቸዋል? እሳቸው እንደሆነ ይረሳሉ" አለችና አብራ ልትሄድ ቆረጠች። እኔስ እሷን ብቻዋን እንዴት ልስደዳት? ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ሦስት ሆንን።

እስከ ጂብራልታር በየወደቡ እያረፍን ሄድን። ከዚያ ወዲያ ሰማይና ውሃ ብቻ ሆነ። መርከብ እንዳይመጣብን በተራ በተራ ውጪ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ድስቱ ከምድጃው ጋር ይታሰራል። ሽንኩርት ስትከትፊ በአንድ እጅሽ ቢላዋውን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘሽ ነው። "ሽንኩርቱንስ ማን ይይዘዋል?" ስላት፣ አክስቴ "መልአኩ" ትለኛለች።

ሲኞሬ ጠዋት ጠዋት ለያንዳንዳችን አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ያድላሉ። ባሕር ላይ ሰው የሚሞተው በማዕበል ብቻ አይደለም፣ ውሃ ባለመጠጣትም ነው ስለሚሉ፣ ማታ ባዶውን ጠርሙስ ማሳየት ግዴታ ነው። የአክስቴ ሁልጊዜ ቀድሞ ባዶ ይሆናል። "ብራቫ!" ይሏታል።

መሬት ከጠፋን ጥቂት ቀን እንዳለፈ ነፋሱ በረታ። ሁላችንም አስመለሰን። እኔና ሲኞሬ ተሻለን፤ እሷ ግን ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። ጭራሽ ጠዋት የሰጠቻቸውን መድኃኒት ከምሳ በኋላ ደግማ ልትሰጣቸው ስትል እጇን ያዝኩት። አክስቴ በዚህ ነገር ተሳስታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን አልነቀልኩባትም። ብዙም ሳይቆይ የራሷን ጠርሙስ አንሥታ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስትገለብጠው አየኋት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሻይ ላፈላላችሁ ነዋ።"

"በራስሽ ውሃ?"

"ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!"

"አማርኛ የት ያውቁና! ውሃ ከጠጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

በዓይኗ ብቻ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አመለከተችኝ። ሽንት ቤቱ እዚያ ነው። በር የለውም፣ መጋረጃ ነው፤ ከሲኞሬ መኝታ አንድ ክንድ አይርቅም፣ ውጪ ለተቀመጠም ይሰማል።

"ሽማግሌ ወንድ እያዳመጠኝ? ሞቼ ልገኝ!"

"እንዲህ ከቀጠልሽማ እውነትም ትሞቻለሽ።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ግመል ነኝ" ብላ ልትስቅ ስትል ከንፈሯ ደማ። ብድግ አለች፤ ወዲያው ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ጮህኩ። ሲኞሬ መሪውን አስረው ወረዱ። የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፤ ተሸብሽቦ ቀረ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ቦታ ነን። ወደኋላ እንዳንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ይሆንብናል፤ ወደፊት ደግሞ ገና ቀናት ይቀሩናል። ውሃ በስኳርና በጨው በጠበጡ፣ እኛ ለምለም የምንለውን ዓይነት። ማንኪያውን ሲያቀርቡላት ጥርሷን ነክሳ ፊቷን አዞረች።

"ምን ሆና ነው?" አሉኝ። ፊቴ እየነደደ ነገርኳቸው።

"አሎራ፣ ታዲያ ሮምስ? ቤቴ ስትውል እንዴት ታደርጋለች?"

ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፍና "ጥጉ ላይ ያለው ባር እሄዳለሁ፤ ካልሆነም ቤቴ እስክገባ እችለዋለሁ። የሰው ቤት አይደል እንዴ?" አለች። ያን ሁሉ ዓመት!

ተረጎምኩላቸው። ሲኞሬ ማንኪያውን እንደያዙ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"ሲኞራ፣ ሲፈልጉ ጣሪያውን ያንኳኩ። እኔ ዝናብም ቢሆን ውጪ ወጥቼ እዘፍናለሁ። ድምፄ የከፋ ነው፤ እንኳን የእርስዎን፣ የማዕበሉንም አያሰማኝ።"

በአንድ ዓይኗ አየቻቸው። "መድኃኒትዎን ወስደዋል፤ እንዳይደግሙ" አለች በጣልያንኛ። አፏንም ከፈተች።

በማንኪያ እንሰጣታለን፣ ያስመልሳታል፣ እንደገና እንሰጣታለን። ማዕበሉ ከማንኪያው ላይ ግማሹን ይደፋዋል። የሚወርደውን አይደለም የምንጠብቀው፣ የሚወጣውን ነው፤ ኩላሊቷ ቆሞ እንደሆነስ? አፍ አውጥተን ባንናገረውም ሁለታችንም እሱኑ ነው የምናስበው። ተኝታ ሳለ ሲኞሬ እየተነሡ ትንፋሿን ያዳምጣሉ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ጨርሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ እኔና ሲኞሬ ውጪ እያለን፣ ጣሪያው ከውስጥ ተንኳኳ። ሲኞሬ ደንግጠው መዝፈን ጀመሩ። እውነትም የከፋ ድምፅ ነው። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ደሴቶቹ ጋ ስንደርስ ሐኪም አያትና ለክፉ አይሰጣትም አለን። ጀልባዋን እዚያው ትተን ሦስታችንም በአውሮፕላን ሮም ገባን። አክስቴ ጥቂት ቀን አርፋ ሥራዋን ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን ከቤቷ አንድ ቢጫ ፎጣ ይዛ ሄደችና በሲኞሬ መታጠቢያና ሽንት ቤት ውስጥ፣ ከሳቸው ፎጣ ጎን ሰቀለችው።