ኩልፎ ይሞላል ብዬ

ሥራዬ ዝናብን በስታቲስቲክስ ማስላት ነው። የደቡብን ሰፊ ካርታ በአራት ማዕዘን ከፋፍለን፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የየቀኑን ዝናብ እንገምታለን፤ መጀመሪያ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም፣ ከዘነበስ ምን ያህል። የተወለድኩበት አገር ግን ለአራት ማዕዘን አይመችም። ዶርዜ ላይ ቤቶቹ ጭጋግ ለብሰው ዶፍ ሲወርድ፣ ታች ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዙ በፀሐይ ይጠወልጋል። ካርታችን ላይ ሁለቱም አንድ ቁራጭ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ሞዴላችን ዶፉንና ሐሩሩን አደባልቆ «ካፊያ» ይላል። ካፊያ ደግሞ ላይም ታችም አልወረደም።

አለቃዬን ይህ አያስጨንቀውም። «ለጠቅላላው አካባቢ ልክ ነው» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። እኔን ግን ያስጨንቀኛል፤ ታላቅ እህቴ ኩልፎ ዳር ሙዝ አላት። ደጋው ላይ ሲጥል ወንዙ ድንገት ይሞላል፤ ዳር ዳሩን ያለውን ሙዝ ይገነድሳል፣ የመስኖ ሞተሩንም ጠራርጎ ይወስዳል። ከዚህ የተነሳ ቢሮ ተቀምጬ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ተራራውን ሳይ እውላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አንገቴ ተጣሞ እንዳይቀር ይሰጋሉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የተራራው አናት ጠቆረ። ከተማው ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። ደወልኩላት።

«ሞተሩን አውጪ።»

«ዛሬም? ባለፈው አውጪ ብለኸኝ ምን ጠብ ያለ ነገር አለ? ሙዙ ውሃ ጠምቶታል እኮ!»

«ደጋው ጠቁሯል።»

«ይጥቆር! ኮምፒዩተርህ ምን አለ?»

«ካፊያ» አልኩ እያፈርኩ።

ከት ብላ ሳቀች። «አይ አንተ! የራስህ ማሽን እንኳን አላመነህም!»

ስልኩን ዘጋሁና መቀመጥ አቃተኝ። ለአለቃዬ ሆዴን አሞኛል ብዬ በባጃጅ ወደ እርሻዋ ወረድኩ። እየለመንኩም እየተነጫነጭኩም የቀን ሠራተኞቿን ሰብስቤ፣ ሞተሩን ነቅለን በጋሪ ከፍ ወዳለው ቦታ አወጣነው። እህቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ እንጂ አልከለከለችኝም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ትምህርቴን አላምንም ማለት ሳይከብዳት አልቀረም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኩልፎ እንደወትሮው ኩልል እያለ ይወርዳል። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ሄጄ እመለሳለሁ። ከላይ ሲያጉረመርም «መጣ!» ብዬ ብድግ አልኩ። አልመጣም። ሠራተኞቹ በጋሞኛ ተሳሳቁብኝ፤ ቋንቋው የማይገባኝ መስሏቸው ሳይሆን እንዲገባኝ ብለው ነው። «የፈሩት ይደርሳል» ይባላል፤ የእኔ ግን በጀ አላለም። የሙዙ ቅጠል ሙቀቱ በርትቶበት ታጥፏል፣ ውሃው እዚያው አጠገቡ ያልፋል፣ ሞተሩ ጋሪ ላይ ነው። ንድድ አለኝ። የተናደድኩት በሞዴሉ ይሁን በደመናው፣ በሠራተኞቹ ይሁን በራሴ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ያለው ጥቁረት እየሳሳ ሄደና ሰማዩ ተገለጠ። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ምናለ አሁን ሞልቶ ቢመጣ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሳቁ ቆመ። እህቴ ደረቁን ቦይ በእግሯ እየነካካች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሞተሩስ ወጥቷል» አለች ቀስ ብላ። «ሙዙን ወዴት ላውጣው?»