የባዘዘው ስለት

ባዘዘው ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። በቁይ ከተማና በዙሪያዋ ውሃ የቸገረውም፣ ሽንት ቤት የሞላበትም የሚጠራው እሱን ነው። ሃያ ዓመት ከመሬት በታች ኖሮ ለራቱ ብቻ ብቅ ይላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ስምንት ሜትር የቆፈረው ጉድጓድ ተናደና እስከ ደረቱ ቀበረው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ደግሞ ይሳላል። «ኪዳነ ምሕረት፣ ካወጣሽኝ በእጄ ሥራ አገለግልሻለሁ» አለ። በገመድ ጎትተው አወጡት። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጃንጥላ ገዝቶ አስገብቶ ይገላገል ነበር። ሚስቱ የብርጓልም ይህንኑ መከረችው። እሱ ግን የተሳለው በእጁ ሥራ ነው፤ እጁ ደግሞ ከጉድጓድ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። የኪዳነ ምሕረት ደብርም ብትሆን ጃንጥላ ሞልቷታል፤ የጎደላት ሌላ ነው። የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ በዓመቱ ንግሥ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመጣ ወንዱ ወደ ባሕር ዛፉ ዘወር ይላል። ሴቷስ? የብርጓል ራሷ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ በአፏ አይዞርም።

ስለዚህ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሄዶ፣ ከቅጽሩ ውጭ ቁልቁለቱ ላይ ሽንት ቤት ልሥራ አላቸው። ቦታውን ፈቀዱለት። ስለቱ በንግሡ ዕለት ይነገርልኝ ሲላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ በድምፅ ማጉያ፣ ሽንት ቤት ተሰጥቷል እልል በሉ ልበል?»

«ይበሉ አባ። ሁሉም ይሄድበታል።»

አባ አልሳቁም። እሱም ለማሳቅ አልነበረም።

ባዘዘውን ያስጨነቀው ይህ ነው። ስለት ሲገባ በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ እልል ይባላል፤ ባለስለቱም ያን ጊዜ ይገላገላል። እልልታ ያልሰማ ስለት መድረሱ በምን ይታወቃል? እመቤታችን ስለቴን በላ ብላ ብትይዝብኝስ? ይህን እያብሰለሰለ ጥምቀት ካለፈ ጀምሮ ቆፈረ። የማርያም ዕለት አይቆፍርም፣ የሥላሴ ዕለት አይቆፍርም፣ የሚካኤል ዕለት አይቆፍርም። እንዲያም ሆኖ ሁለት ክፍል ለሴት፣ ሁለት ክፍል ለወንድ በቆርቆሮ ሠርቶ፣ በር ገጥሞ፣ በዋዜማው ጨረሰ።

በንግሡ ዕለት አባ ማጉያውን ያዙ። ጃንጥላ ገባ፣ እልል ተባለ። ምንጣፍ ገባ፣ እልል ተባለ። የአንድ ነጋዴ መጋረጃማ ሁለት ጊዜ እልል ተባለለት። የባዘዘው ስም ሳይጠራ ዝርዝሩ አለቀ። የብርጓል አንገቷን ደፋች። እሱ ከሕዝቡ ወጣና ቁልቁለቱ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

እዚያ ረጅም ሰልፍ አለ። ከሴቶቹ ክፍል እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ወጡ። እማሆይ ስኳር አለባቸው፤ ሽንት አላስቆም ስላላቸው ሰባት ዓመት ንግሥ ረግጠው አያውቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉና ይህን የሠራው ማነው ብለው ጠየቁ። ባዘዘው ብድግ አለ።

«ሰባት ዓመት እልልታውን ከአጥሬ ሥር ሆኜ ነው የሰማሁት» አሉት። «እመቤቴ ስለትህን ትቀበልህ፣ ልጄ።»

ከዚያም እዚያው በሩ ላይ ቆመው እልል አሉ። ሰልፈኞቹ ተቀበሏቸው። እልልታው ቅጽሩን ተሻግሮ ገባ፤ ውስጥ ያሉትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አቀለጡት። ባዘዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ሰገደ፤ ሲነሣ ግንባሩ አፈር ነበር፣ ዓይኑም እንባ።

አባ በማጉያው፣ የማን ስለት ነው የገባው ብለው ጠየቁ። ከዚያም ራሳቸው ወደ ቁልቁለቱ መጡ። ከሌሊት ጀምረው ቆመው የዋሉ ሰው ናቸው። እማሆይን አዩ፣ ሰልፉን አዩ፣ ባዘዘውን አዩ።

«እስኪ ይህን ያዝልኝ» ብለው ጃንጥላቸውን ሰጡትና ከወንዶቹ ሰልፍ ኋላ ቆሙ።