አቧራው ከቆመ ተመለስ

ከደሴ የወጣነው በጥር ወር፣ እሑድ ጠዋት ነው። ላየን ሰው ሦስት ጎረምሶች ብስክሌት ሊጫወቱ ወጥተው፣ እኔም አገልግል ይዤ ኮምቦልቻ ለቅሶ ልደርስ የምሄድ ነበር የሚመስለው። ለቅሶ የሚባል አልነበረብኝም። ልጄን ሰይድን ነበር የማሸሸው።

ታላቁን ልጄን ዓሊን ካቻምና በአፈሳ ወስደውብኛል። ወደ ሰሜን ሄደ ከመባሉ በቀር ወሬው የለም። በዚያ ሳምንት ደግሞ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ በር በር እያንኳኳ "ቤትሽ ወንድ አለ?" ማለት ጀመረ። እህቴ ሐርቡ ናት፤ ባሏ ከከተማው ራቅ ያለ የመስኖ ማሳ አለው። "አምጪው፣ በቆሎው መሀል ማን ያየዋል" ብላ ላከችብኝ። ጭንቁ ከደሴ ማውጣቱ ነው። በአውቶቡስ እንዳይሄድ ኬላው ላይ ወጣት የተባለውን ሁሉ ያወርዳሉ። በእግሩ እንዳይሄድ፣ ጓዝ የያዘ ልጅ ካዩ ሸሽቶ ነው ይሉታል።

መላውን ያመጣው ይማም ነው። ይማም የጎረቤቴ የዘሐራ ልጅ ነው፤ ሰኞ ገበያ አጠገብ ብስክሌት ያከራያል። ግራ ክንዱ በልጅነቱ ተሰብሮ ጠሞ ስለቀረ፣ አፋሾቹ አንዴ ይዘውት "ይሄ ጠመንጃ አያነሳም" ብለው ለቀውታል። ከሁላችን የማይፈራው እሱ ነበር።

"እትዬ ፋጡማ፣" አለኝ፣ "ሻንጣ የያዘ ይያዛል። በብስክሌት የሚላፋን ማን ይጠረጥረዋል? እኔና ጌታቸው እሑድ እሑድ በሐረጎ የበቅሎ መንገድ ኮምቦልቻ እንወርድ የለ? ሚሊሺያዎቹ እንኳን ለምደውናል። እብዶቹ መጡ ነው የሚሉን።"

ጌታቸው የሰይድ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ የአናጢ ልጅ፣ ዝምተኛ። ለእናቱ አንድ ስለሆነ እስካሁን አልነኩትም። ሰይድ "አንቺ በአውቶቡስ ቅደሚን" ቢለኝ እንቢ አልኩ። ዓሊን በር ላይ ቆሜ ነው የሸኘሁት። ይሄኛውን ግን እስከመጨረሻው በዓይኔ ሳላየው አልቀርም አልኩ።

ዳገቱ

ኬላውን በባሕር ዛፉ ውስጥ ዞረን አለፍነው። ልጆቹ ብስክሌታቸውን ይገፋሉ፣ እኔ አገልግሌን በነጠላ ጀርባዬ ላይ አስሬ እከተላለሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበረ፤ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ እግሬን አደነዘዘው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል እየመጡ "አሰላሙ ዓለይኩም" ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ መለስኩላቸው። እያንዳንዷ ሴት የምትናገርብኝ ይመስለኛል።

ልጆቹ ግን ይስቃሉ! እንዴት እንደሚስቁ እስከዛሬ አይገባኝም። ሜዳ ያለ ቦታ ስንደርስ ይማም ብስክሌቱን አቁሞ የኋላ መጫኛውን መታ መታ አደረገ።

"ይውጡ እንጂ እትዬ! ለቅሶው ሊያመልጥዎ ነው።"

"ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት ላይ?"

"እማ፣ ውጪ። ይማም በአንድ ክንዱ ከኛ በሁለት ከምንነዳው ይሻላል" አለ ሰይድ።

ወጣሁ። ሁለት እጄን ይማም ወገብ ላይ ጠምጥሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እላለሁ። ጌታቸው፣ ያ ዝምተኛው፣ ከኋላ እየሮጠ "ኸረ እትዬ፣ ልጁን አንቀው እንዳይገድሉት!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ የዚያን ቀን አልሳቅሁም።

ሐረጎ ላይ

ከጫፉ ላይ ተቀምጠን በላን። ሥጋ አልያዝኩም፤ ጌታቸው የክርስቲያን ልጅ ነው፣ የእኛን እርድ አይበላም፣ እኛም የእነሱን አንበላም። ስለዚህ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና የገብስ ቆሎ ነበር። ይማም ዳቦውን ጨርሶ ቆሎውን ኪሱ ውስጥ አጨቀ። "ይሄ ቦርከና ዳር ነው የሚበላው" አለ። ከታች የኮምቦልቻ ሜዳ፣ የፋብሪካው ቆርቆሮ፣ የቦርከና ወንዝ ጭጋጉን እየገፈፉ ብቅ ብቅ ይላሉ። እንዴት ያለ አገር ነው አልኩ በልቤ፤ ሰው ተረጋግቶ የማያየው።

ከዚያ ክትክታ መልምለው ቅርንጫፉን በገመድ ከየብስክሌታቸው ኋላ አሰሩ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። የፍሬን ጎማ ገበያ ላይ የለም፣ ያለውም በዚህ ቁልቁለት ግሎ ይቀልጣል አለኝ ይማም። ቅርንጫፉ መሬት እየጎተተ ብስክሌቱን ይይዘዋል፤ ከእንጨት ነጋዴዎች ነው የተማሩት።

"ሌላም ጥቅም አለው" አለ። "ተራርቀን ነው የምንወርደው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዳይወጣበት። መታጠፊያው ስለሚጋርደን አንተያይም። የምንተያየው በአቧራ ነው። የኋለኛው አቧራ ከሄደ ደህና ነው። አቧራው ከቆመ ወድቋል ማለት ነው፣ የፊተኛው ብስክሌቱን አዙሮ ይወጣል። ስንት መታጠፊያ ቢወርድም ይወጣል። ሕጋችን ነው።" ወደ ሰይድ ዞሮ ጉንጩን ቆነጠጠው። "ሰምተሃል? አቧራው ከቆመ ተመለስ።"

የይማም እናት ዘሐራም ይህን ሕግ ታውቀው ነበር። አንድ ጊዜ ጌታቸው ወድቆ ጉልበቱ ሲከፈት ተሸክሞ ያወጣው ይማም ነበርና።

ቁልቁለቱ

ይማም ቀደመ፣ ሰይድ ቀጠለ፣ ጌታቸው እኔን ላለመተው መጨረሻ ሆነ። መንገዱ መንገድ እንዳይመስላችሁ። ጭንጫ ነው፤ ከላዩ ኮረት የተበተነበት፣ በአንድ በኩል ገደል። በቅሎ እንኳ እያሰበች የምትረግጠው ነው። ይማም ከኮርቻው ብድግ ብሎ፣ ቂጡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጉልበቱን እንደ ፌንጣ አጥፎ፣ እንደ ደረጃ ከተደረደረው ድንጋይ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲወርድ አየሁት። የጠመመው ክንዱ መሪው ላይ እንደ ቀልድ አርፏል። "የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ! ከነካህ ትገለበጣለህ!" ብሎ ለሰይድ ጮኸና ተሰወረ። ሰይድም "ቢስሚላህ" ብሎ ተከተለ። ልጄን ጀርባውን አየሁት፤ ከዚያ አቧራውን ብቻ።

ጌታቸው ትንሽ ወርዶ ይቆየኛል፣ ትንሽ ወርዶ ይቆየኛል። እንዲህ እያልን አንድ ትልቅ ቋጥኝ ያለበት መታጠፊያ ደረስን። ከዚያ ላይ ቁልቁለቱ በሙሉ ይታያል፤ የበቅሎው መንገድ አስፋልቱን የሚያቋርጥበት ቦታ ድረስ። እዚያ ጋ፣ ባሕር ዛፉ ጥላ ውስጥ፣ ሸራ የለበሰ መኪና ቆሟል። ሰዎች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የይማም አቧራ አስፋልቱ ሊደርስ ነው። የሰይድ አጋማሽ ላይ ነው።

አፌን ስከፍት ጌታቸው በእጁ ከደነው። እንደዚያ የሚያከብረኝ ልጅ።

"አይጩሁ እትዬ። ድምፅዎ ለነሱም ይደርሳል።"

ብስክሌቱን ቀስ ብሎ አጋደመው፤ ቅርንጫፉን ከመሬት አነሳ።

"አቧራዬ ቆሟል" አለ። "አሁን ሰይድ ዞር ብሎ ያያል።"

"ካላየስ?"

"ያያል።"

"ካላየስ ነው የምልህ!"

"ዱዓ ያድርጉ።"

የሰይድ አቧራ አንድ መታጠፊያ ወረደ። ሌላም ወረደ። ጥፍሬን ጌታቸው ክንድ ውስጥ ሰክቼ ኖሯል፣ በኋላ ነው ደሙን ያየሁት። ከዚያ አቧራው ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ልጄ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ድንጋዩን እየቧጠጠ ሲወጣ አየሁት። አልሐምዱሊላህ ብዬ መሬት ተደፋሁ።

ቀና ስል ጌታቸው ፊቱ አመድ መስሏል። "ውረድ" ይላል በሹክሹክታ። "ይማም፣ ውረድ፣ ዝም ብለህ ውረድ።"

ይማም አስፋልቱ ዳር ደርሶ ነበር። ከታጣቂዎቹ አንዱ ለሰላምታ እጁን አንስቶለታል፣ ለሚያውቁት እብድ። ዝም ብሎ ቢሻገር አልፎ ነበር። እሱ ግን ለልማዱ ዞር ብሎ ወደ ተራራው አየ። ሁለት አቧራ ሊያይ ሲገባው አንድም የለም። ብስክሌቱን አዞረና መውጣት ጀመረ።

ሕጋቸውን ለማያውቅ ሰው ምን ይመስላል? ታጣቂ አይቶ የሸሸ ልጅ ነው የሚመስለው። ተነሱበት። በመልካሙ ክንዱ ብስክሌቱን እየጎተተ ይሮጣል። ይጥለዋል ብዬ ነበር፤ አልጣለውም። ሲይዙት የጠመመውን ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ አሳያቸው። ከሩቅ ስለሆነ ድምፅ አልነበረውም። ያ ክንድ በዚህኛው እንዳላዳነው ግን ገባን። እየገፉ ሸራው ውስጥ አስገቡት። ወደ ላይ እያዩ ጠየቁት፤ ምን እንዳላቸው አላውቅም። አንድም ሰው ግን ወደ እኛ አልወጣም። መኪናው ሄደ።

ሰይድ እያለከለከ ደረሰ። "ማነው የወደቀው?"

ጌታቸው በእጁ ወደ ታች አመለከተው። ወድቆ የቀረውን ብስክሌት አየና ገባው። ብስክሌቱን ወርውሮ "የሚፈለገው እኔ ነኝ፣ ወርጄ እጄን ልስጥ!" ሲል ሸሚዙን ጨመደድኩት፤ ቁልፉ ተበጠሰ።

"ብትወርድ ሁለት ትሆናላችሁ እንጂ እሱን አይለቁትም!"

"እማ ልቀቂኝ! እንዴት ብዬ ነው ሐርቡ የምገባው?"

"ገብተህ ነዋ" አለው ጌታቸው። "ለማንም ምንም አልተናገረም። ዝም ያለው ላንተ ነው።"

ልጄ ቋጥኙ ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እውነቱን ልናገርና፣ በውስጤ ከሐዘኑ ጎን ደስታ ነበረ፤ ልጄ እጄ ላይ ነዋ። ያ ደስታ ነው እስከዛሬ የሚያስፈራኝ።

ኮምቦልቻ

የይማም ብስክሌት መንገዱ ላይ ወድቆ አገኘነው፤ ቅርንጫፉ እንደታሰረ፣ ኪሱን ሲፈትሹት የፈሰሰው ቆሎ ዙሪያውን ተበትኖ። ጌታቸው ጎንበስ ብሎ ቆሎውን ከኮረቱ ውስጥ ሊለቅም ጀመረ። "ተው" አልኩት።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ሁለቱ ቦርከናን ይዘው በማሳው ውስጥ ወደ ሐርቡ ቀጠሉ፤ ጌታቸው አድርሶት ሊመለስ። ሰይድ ጉልበቴን ሲስም "አብሽር፣ አይዞህ" አልኩት። አገልግሉን ሰጠሁት። የይማም ድንች ሳይነካ እንደቀረ ያየሁት ልሰጠው ስከፍተው ነው።

እኔ የይማምን ብስክሌት እየገፋሁ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄድኩ። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ጫነው። ተሳፋሪው "ነጋዴ ሆነሻል እንዴ እናት?" እያለ ቀለደ። ኮምቦልቻ መውጫ ባለው ኬላ ላይ ጥበቃው ቀና ብሎ አየ።

"ያ ብስክሌት የማነው?"

"የልጄ ነው" አልኩ።

አለፍን። ሐረጎን ስንወጣ በመስኮቱ የበቅሎውን መንገድ ፈለግሁት። ምንም የሚነሳ ነገር አልነበረበትም።

ደሴ

ዘሐራ ደጅዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ገና ስታየኝ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ልጄ ነው።

"ሰይድ ደረሰልሽ?"

"ደረሰ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ከዚያ ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ አረፈ። የያዝኩትን መሪ፣ ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ፣ እንደገና መሪውን አየች። እጆቿ ሳይወርዱ ቀሩ።

ነገርኳት። ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ አሁን እንደጻፍኩት። አልጮኸችም። መጥታ ብስክሌቱን ከእጄ ተቀበለች፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፣ ቅርንጫፉን ስንጥል የረሳነውን ገመድ ከኮርቻው ሥር ትፈታ ጀመር። ቋጠሮው እንቢ አላት። ይማም ነበር ያሰረው።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩትን ብትጠይቁኝ፣ አንዲት እናት ልጇን ለብቻው ማዳን እንደማትችል ነው። እኔ አንድ ልጅ ልጠራ ነበር አቧራው እንዲቆም የፈለግሁት። የቆመ አቧራ ግን ጓደኛ የሆነውን ሁሉ ይጠራል።

ዘሐራ ገመዱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ከነገርኳት ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛ ኖሯል።

"ተመለሰ አልሽኝ" አለች። "እሱ ሰው ካልወደቀ አይመለስም። ማን ወድቆ ነው?"

"ማንም አልወደቀም ዘሐራ" አልኳት። "ሁላችንም ቆመን ነበር።"