ግማሽ ጭንቅላቴ ተስተካክሎ መብራት ሄደ

ዛሬ ጠዋት አብነት ሰፈር፣ ጀማል ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ፣ ግራ ጎኔ አልቆ ወደ ቀኝ ሲዞር መብራት ድርግም!

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ የጓደኛዬ ሚዜ ነኝ።

ጀማል ግን ምንም አልመሰለውም። ቶንዶሱን ኪሱ ከተተና «ተነስ፣ ቅርንጫፍ ሁለት እንሂድ» አለኝ።

ጨርቁ አንገቴ ላይ እንደታሰረ መንገድ አቋረጥን። (አንዲት እናት «ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ ያደረግከው?» ሲሉት ሰምቻለሁ።)

የደረስነው ብየዳ ቤት ነው! ጄኔሬተሩ ይጮኻል፤ ጥግ ላይ ወንበርና መስታወት ተዘጋጅቷል፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ «ጀማል ፀጉር ቤት ቁጥር 2» ይላል። ለካ ጀማል የበያጆቹን ፀጉር በነፃ ያስተካክላል፣ እነሱ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሶኬት ይሰጡታል።

«አንተ፣ ይሄን እንዴት አሰብከው?» አልኩት።

ቀኝ ጆሮዬን አጠፍ አድርጎ፣ «ሱቁን የከፈትኩ ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ አንተ አልነበርክ? መሃል ላይ መብራት ሄዶ ኮፍያ አድርጌልህ ሸኘሁህ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለኝ።

እኔ እኮ ረስቼው ነበር።

እናንተስ፣ መብራት መሃል ላይ ጥሏችሁ ሄዶ ሰው የደረሰላችሁ ቀን አለ? ጻፉልኝ። የሙሽራው መኪና መጥቷል፤ ሁለቱም ጎኔ እኩል ነው።