ኩሽኔታ በዶሮ ወጥ ድስቴ

የአባዬን ጆሮ መድከም ያጋለጠችው የገዛ መኪናው ናት። ከዱከም አሸዋ ጭኖ አቃቂ በሰቃ እስኪገባ የኋላ ጎማዋ እያጓራ መጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ ሲወጣ፣ እሱ እቴ! ምንም አልሰማም። ወንድሜ ሥሯ ገብቶ አየ፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። “የማይሰማ ሹፌር ሰው ይጨርሳል። ትሸጥ!” አለና ገዢ ለእሁድ ቀጠረ።

ደሜ ፈላ። አባዬ ያለዚያች መኪና ምን ሊሆን ነው? በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ሊያባርር? እኔ እንዳልነዳለት፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስንት ጊዜዬ፣ አንድ ቀን መሪ አስነክቶኝ አያውቅም።

“ከተሸጠችም ደህና ሆና ትሸጥ” አለ አባዬ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ በክሪክ ተነሳች። አባዬና ወንድሜ ጎማ ፈትተው አሮጌውን ኩሽኔታ በመዶሻ ሲያወጡ እኔ ከሰል አቀጣጠልኩ። አዲሱ በዘይት መፍላት አለበት፤ ሲግል ሰፋ ብሎ ይገባል። በምን ይፈላ? በእኔ የዶሮ ወጥ ድስት! እያጉረመረምኩ ሰጠሁ። አባዬ በጉጠት አውጥቶ ሲያጠልቀው ሹልክ ብሎ ቦታው ገባ። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤታችን “ማን ወለደ?” ብላ በአጥር ብቅ አለች።

ሁሉም ተገጠመ። ወንድሜ ጎማዎቹ አየር ላይ እንዳሉ ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገባና ወርዶ ጆሮውን አስጠጋ። “አሁንም ይጮኻል! አዲሱም አልረባም።”

አባዬ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ጎማዎቹን በያዘው ብረት ላይ አስደግፎ፣ ንዝረቱ በአጥንቱ እንዲሰማው የእንጨት እጀታውን በጥርሱ ነከሰና ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ።

“ኩሽኔታው ሰላም ነው። የግራው ፍሬን ነው የሚፋተገው።”

ወንድሜ ሳቀ። ፈትቶ ፍሬኑን አላልቶ እንደገና ሲያስነሳት ግን ጩኸቱ ጸጥ! ዘልዬ አባዬን አቀፍኩት፤ በግሪስ ተለወስኩ፣ ማን ግድ አለው!

ወንድሜ ግን ግትር ነው። “መንገድ ላይም ካቻቢቴ ነክሰህ ልትነዳ ነው?” ብሎ ጮኸ። አባዬ ይሄን ሰማ። ወንድሜም እውነቱን ነው።

አባዬ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

“ገዢውን አትምጣ በለው” አለው ወንድሜን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ትነጃለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። የሚጮህ ነገር ካለ፣ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።”