ጭቃ የቀዳ ጽዋ

«ከደጄ ተነሥቶ፣ ከደጅህ ላይ ይረፍ…»

እማዋይሽ ንፍሮውን እያማሰለች ይህችን ስንኝ ታንጎራጉራለች። ቀጣዩ ስንኝ ግን ጠፍቶባታል። ዜማዋ ቤት ሳይመታ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ቤት የመታስ የርብ ወንዝ ነው።

ነሐሴ ሚካኤል ዕለት የማኅበሩን ጽዋ የተረከበች እሷ ነበረች። ጽዋው ትንሽ፣ አፈ ሰፊ ጥቁር ማድጋ ነው፤ ከጆሮው ሥር መስቀል ተጭሮበታል። በዚያው ሰሞን ርብ ሞልቶ የቁሐር ሚካኤልን ሜዳ ውሃ አለበሰው። እማዋይሽ ነፍሷን ብቻ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣች። ጽዋው ከጓዳዋ ቀረ።

ደንቡ የታወቀ ነው። ጽዋ የያዘ ሰው ማኅበርተኛውን ቆሞ ያበላል፤ ተረኛው ጽዋውን ተረክቦ ካልሄደለት ለማዕድ አይቀመጥም። የመስከረም ማኅበር በድንኳን ኑሮ ሳይጠጣ አለፈ። የጥቅምቱም ካለፈ ፈረሰ ማለት ነው ተባለ። ባሏን አፈር ያለበሰላት፣ ሰብሏን ያጨደላት ይኸው ማኅበር ነበር። ሌሊት ሌሊት፣ በእኔ እጅ ይሙት እንዴ፣ ትል ነበር።

ውሃው ሲሸሽ ከወረታ የሰንበት ተማሪዎች አካፋና ዶማ ይዘው መጡ፤ መሪያቸው ዲያቆን አዛናው ነው። ከየቤቱ ደለል ያወጣሉ፤ የወደቀ ግድግዳ ያቆማሉ። እማዋይሽ ሀዲያ የምትባል የወረታ ነጋዴ ባዋሰቻቸው ትልቅ ድስት እየቀቀለች ታበላቸዋለች። ራሷ ግን ቆማ ነው የምትጎርስ። ቁጭ ይበሉ እንጂ እማማ ሲሏት፣ ተራዬ አላለቀም ትላለች። ልጆቹ ቀልድ ይመስላቸዋል።

የጥቅምት ሚካኤል ደረሰ። ማኅበርተኛው ከእማዋይሽ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ፤ ባዶ እጁን የመጣም አለ፣ እፍኝ ሽምብራ የቋጠረም አለ። ጠላ የለም። ጽዋም የለም። ተማሪዎቹ የእሷን ጓዳ ጭቃ ቀድተው ሊጨርሱ ነው። ሠርካለም የምትባለው ተማሪ ለምሳ ወጣች፤ የጭቃ መቅጃዋን እንደ ያዘች እጇን ዘረጋች። እማዋይሽ ውሃ አፈሰሰችላት። ከመቅጃው ላይ ጭቃው ተንሸራተተ።

መስቀሉ ታየ።

እማዋይሽ ውሃውን ማፍሰስ አልተወችም። ጨርሶ እስኪጠራ አጠበችው፤ እንባዋም አብሮ ያጥበው ጀመር። ዲያቆኑ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከጓዳው ደለል ውስጥ እንዳገኙት፣ ተራ ማድጋ መስሏቸው ከትናንት ጀምሮ ጭቃ ሲቀዱበት እንደዋሉ እየተንተባተበ ተናገረና ጉልበቷ ላይ ወደቀ። እሷም አነሣችው፤ እናንተ ባትቆፍሩ ከየት አገኘው ነበር አለችው።

የማኅበሩ ካህን መምሬ አለኸኝ ንጹሕ ውሃ አስሞልተው ጸለዩበት። ከዚያችው ውሃ ሁሉም ተጎነጨ። ቀጥሎ መረከብ ነው። ተረኛው አያልነህ ነበር። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ርብ የአያልነህን ሁለት በሬ ወስዶበታል፤ ሩዙ ከደለል ሥር ነው፤ ቤቱን ጭቃ ሞልቶታል። ይለፈኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? እማዋይሽ ማድጋውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ቆመች። አያልነህም ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ፤ አሁንም መለሰ።

በመጨረሻ ተነሣ።

«እኔ ቤት እንኳ ጠላ የለም፤ ጭቃ ግን ሞልቷል» አለ። «ጽዋውም ሥራውን ለምዷል። አምጭው፣ እማዋይሽ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ያው ልቅሶ ደግሞ ዜማ ሆኖ ወጣ፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

«ከደጄ ተነሥቶ፣ ከደጅህ ላይ ይረፍ፤
ባንተ ቤትም ይትረፍ፣ በኔ ቤትም ይትረፍ።»

እማዋይሽ የጠፋባትን ስንኝ ሰማች። አያልነህ ጽዋውን አቅፎ ወደ ቤቱ መንገድ ገባ፤ ተማሪዎቹም አካፋቸውን ተሸክመው ተከተሉት። ዜማው በሩዙ ማሳ ዳር ዳር እየሳሳ ሄደ።

ሠርካለም ወደ ኋላ ቀርታ ንፍሮ በሳህን አቀረበችላት። ቁጭ ይበሉ ብላ ግን አልጠየቀቻትም።

እማዋይሽ እጇን ታጠበች። ከደረቀው የቤቷ ደፍ ላይ፣ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አማተበችና ጎረሰች።