ያልቀመስሁት ጨው

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ቁስ በቀለሙ፣ በጠረኑ፣ በጣዕሙ ይለያል» እያለች ጮክ ብላ ታጠና ነበር። «በጣዕሙ» ስትል የያዝሁትን መርፌ አስቀመጥሁ። ይህ ኬሚስትሪ የሚሉት ትምህርት እኔንም አንድ ጊዜ ፈትኖኛል፤ ያውም አልፌ ነው የወደቅሁት።

በጃንሆይ ዘመን፣ ሰቆጣ ስድስተኛ ክፍል ስማር ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። ትምህርት ቤት ዘግይቼ ስለገባሁ ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነበርሁ፤ አንድ የአምደወርቅ መሪጌታም ለዲያቆን ልጃቸው አስጠይቀውኝ ነበር። አባቴ መልሱን አቆዩና «ፈተናውን ካለፍሽ ትቀጥያለሽ፤ ከወደቅሽ ግን ለሰዎቹ እሺ እላለሁ» አሉኝ። ዲያቆን የሚያገባው በቁርባን ነው። በሰማንያ የተጋባ ካልተስማማ ይፋታል፤ በቁርባን የገባች ግን ገባች ነው። ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ፣ የሚነበበውን ሁሉ አነበብሁ፤ በመጨረሻ የቀረኝ የሳይንስ ፈተና ብቻ ሆነ።

እሱ ደግሞ በዐቢይ ጾም ዋለ። የሰቆጣ መጋቢት አቧራ ነው፤ ነፋሱ ጉሮሮ ያደርቃል፣ ሆድም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚቆረሰውን የማሽላ ቂጣ ከጠዋት ጀምሮ ያስባል። መምህራችን ከጎንደር የመጡ ወጣት ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አስቀመጡ፤ በአንዱ ስኳር፣ በሌላው አሞሌ ጨው፣ ሁለቱም ተወቅጠው ዱቄት ሆነዋል። ዓይን አይለያቸውም። «የትኛው ምን እንደሆነ ለዩ፤ በየትኛው ጠባዩ እንደለያችሁትም ንገሩኝ» አሉ።

ከእኔ በፊት የነበሩት በጣታቸው ጫፍ እየነኩ፣ እየቀመሱና እየተፉ አለፉ። ተራዬ ሲደርስ እጄ አልነሳ አለኝ። ሰዓቱ ሳይደርስ ምላሴ ላይ ጨው ካኖርሁ ጾሜን ገደፍሁ፤ ማታ የአባቴን ፊት በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ካልቀመስሁ እወድቃለሁ፤ ከወደቅሁ አምደወርቅ ነው።

«ቅመሽና ትፊው እንጂ» አሉ መምህሩ።

«ጾም ነው፣ መምህር። አልችልም።»

«እንግዲያው በምን ትለይዋለሽ?»

ዓይኔ፣ መምህሩ ውሃ ሲተን ሊያሳዩን ወዳቀጣጠሉት ከሰል ሄደ። እኛ ቤት አሞሌው እርጥበት እንዳያገኘው ከምድጃው በላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ፍርፋሪው እሳት ላይ ሲወድቅ ሲንጣጣ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከአንዱ ሳህን ቆንጥሬ ፍሙ ላይ በተንሁ፤ ተንጣጣ። ከሌላው በተንሁ፤ ቀለጠ፣ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ ሽታው የጾመ አፌን ምራቅ ሞላው። «ይህ ጨው ነው፤ የጠቆረው ስኳር» አልሁ። መምህሩ ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ። ወደ ቤት የሄድሁት እየሮጥሁ ነው።

መምህሩ በዚህ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ደስ ብሏቸው ለአባቴ ነገሩ፤ አባቴ በኩራት ደጀ ሰላሙ ላይ አወሩት፤ ወሬውም አምደወርቅ ገባ። ከፋሲካ በኋላ መሪጌታው ራሳቸው በበቅሎ መጡና «ለፈተና ብላ ጾሟን ያልገደፈች ልጅ ለካህን ቤት የተፈጠረች ናት» አሉ። አባቴ እሺ አሏቸው።

እንግዶቹ ሲወጡ «አባ፣ ካለፍሽ ትቀጥያለሽ ብለውኝ አልነበረም?» አልኋቸው።

«ብዬሻለሁ፣ ልጄ። እንዲህ ያለች ልጅ መሆንሽን ግን ያኔ አላወቅሁም» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቢቆጡ እከራከራቸው ነበር፤ በደስታ የሚያለቅስ አባት ግን ምን ይባላል?

ክረምቱ ሳይገባ ተዳርሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ታፍኜ ነው የኖርሁት፤ የተማሪዎች ድምፅ በመንገድ ሲያልፍ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ «እማማ፣ ያኔ ቢቀምሱት ኖሮስ?» አለችኝ።

ብቀምሰው ኖሮ እንደ ሌሎቹ ዝም ብዬ አልፍ ነበር፤ የሚወራልኝ ስለማይኖር ሰባተኛ ክፍል እገባ ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትሁና ፊቷን አየሁ፤ የባለቤቴ ግንባር፣ የባለቤቴ ቅንድብ ነው። ያን ሌላ ሕይወት እመኛለሁ ማለት እሷን አልፈልግም ማለት ሆነብኝ። ሳታውቀው መመኘቱንም ከለከለችኝ።